አልሰማ ያለችው ጭልፊት

አንድ ቀን፣ አሰላ ዳር፣ ስንዴው ታጭዶ ባለቀ ሜዳ ላይ፣ ኢንጂነር ደጀኔ የሚባሉ ሰው ዘጠኝ ወር ሙሉ በእጃቸው የሠሯትን አይሮፕላን ሊያበሩ ቆሙ። አይሮፕላን ስንል ሰው የሚሳፈርባት አይደለችም። ከፎምና ከቀላል እንጨት የተሠራች፣ ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት የሚያህል፣ ከመሬት በሪሞት የምትዘወር ሞዴል ናት። ስሟን «ጭልፊት» ብለዋታል። አሰላ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እየሠሩ የሚያበሩ ዐሥራ አንድ ሰዎች ክበብ አላቸው፤ ሊቀመንበሩም ራሳቸው ኢንጂነሩ ናቸው።

ኢንጂነር ደጀኔ ዕድሜያቸውን መንገድ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ደግ ሰው ናቸው። ከክበቡ ሰዎች ግማሹን ክንፍ አቆራረጥ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አንድ አመል ብቻ አለባቸው፤ የማያውቁት ነገር የለም። ስለ ንብ ከተወራ ስንት ቀፎ እንደሰቀሉ ይነግሩሃል፤ ስለ ጥርስ ከተወራ ሐኪሙ የተሳሳተው የቱ ጋ እንደሆነ ያስረዱሃል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ገብተው ድንኳኑ በትክክል አለመወጠሩን ሲያብራሩ ንግግራቸው በጣም ከመርዘሙ የተነሣ፣ ሟች ራሱ ተነሥቶ ገመዱን ሊያጠብቅ ምንም አልቀረውም ነበር እየተባለ ይቀለዳል።

ከክበቡ አባላት መካከል ደግሞ ጋሽ ገመዳ አለ። ጋሽ ገመዳ መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እርምጃው የቀዘቀዘ ሰው ነው። ሰው ሲያወራው ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ይሰማል፤ የቱ ጋ ሽሽሽ እንደሚል የሚፈልግ ይመስላል። ምላሱ ግን ስል ናት። አንድ ደንበኛ ሬዲዮውን ይዞ መጥቶ «ጋሽ ገመዳ፣ ትናንት ደህና ሲያወራ አምሽቶ ዛሬ ዝም ያለው ለምንድን ነው?» ቢለው፣ «ትናንት ያወራውን ሰምቶት ይሆናላ» ብሎታል።

እንግዲህ ያን ዕለት ጠዋት፣ እሑድ ነው፣ ኢንጂነሩ ሪሞታቸውን ይዘው መሐል ሜዳ ላይ ቆሙ። የሜዳው ባለቤት አቶ ጉታ የሚባሉ ገበሬ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከክምራቸው ሥር ያያሉ። ሜዳውን ለክበቡ የፈቀዱት በአንድ ቃል ነው፦ «እስከ እርሻ ወቅት ድረስ ብረሩበት። ዳለቻን ብቻ እንዳትነኩብኝ።» ዳለቻ ላማቸው ናት፤ ከብዳለች፣ ቀኗ ደርሷል፣ ከሜዳው ማዶ ባለው አጥር ውስጥ ትግጣለች።

ጭልፊት ተነሣች። አነሣሷን ያየ ሁሉ «እሰይ!» አለ። አንድ ጊዜ ዞረች፣ ሁለት ጊዜ ዞረች፣ ከዚያ ርቃ ወደ ማዶ ስትሄድ ድንገት ተንቀጠቀጠች። ክንፏ ብርድ ይዞት እንደሚንዘፈዘፍ ሰው ሆነ።

«ተመለሽ!» አሉ ኢንጂነሩ ሪሞቱን ወደ እሷ እየገፉ። «ተመለሽ እንጂ!»

አልተመለሰችም። ሞተሯ ጸጥ አለ፤ እንደ ደከመው ወፍ ተንሸራታ መጥታ የአቶ ጉታ የገለባ ክምር ውስጥ እስከ ወገቧ ተሰካች።

ገለባ ለስላሳ ነውና ብዙም አልተጎዳችም። የተጎዱት ኢንጂነሩ ናቸው። ፊታቸው ቀላ። «ይሄ የእኔ ጥፋት አይደለም» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ሲግናል የሚረብሽ ነገር አለ። ሁላችሁም ሞባይላችሁን ዝጉ!»

ሁሉም ዘጋ። ጋሽ ገመዳ ግን ኪሱን እንኳ አልነካም።

«አንተስ ገመዳ?»

«የእኔ ከትናንት ጀምሮ ባትሪ የለውም፤ ቀድሜዎት ታዝዣለሁ።»

ሳቅ ሆነ። ኢንጂነሩ ግን አልሳቁም፤ ዙሪያውን መመርመር ጀመሩ። በመጀመሪያ የአቶ ጉታን የቆርቆሮ ቤት ጠረጠሩ። ቀጥለው አንዲት ሴትዮ ለፀሐይ የያዙትን ጃንጥላ፣ ብረቱ ሞገድ ይመልሳል ብለው አስጠቀለሉት። በመጨረሻ ከሩቅ የሚታየውን የኤሌክትሪክ መስመር አሳይተው «አገኘሁት! ያ ነው!» አሉ።

«ኢንጂነር» አለች መምህርት አስናቀች፣ የክበቡ ጸሐፊና የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ፣ «መብራት እኮ ከዓርብ ጀምሮ የለም።»

ኢንጂነሩ ትንሽ አሰቡና «የተጠራቀመ ይኖራል» አሉ።

በዚህ መሐል ጋሽ ገመዳ ጭልፊትን ከገለባው አውጥቶ፣ ሆዷን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ያያል። ሆዷ ውስጥ መቀበያው አለ፤ ከመሬት የሚላከውን ትእዛዝ የሚሰማው ትንሽ ሣጥን ማለት ነው፤ ትእዛዝ ካልሰማ ሞተሩን ያጠፋል። ከእሱ ሁለት እንደ ክር የቀጠኑ ሽቦዎች ይወጣሉ፤ እነሱ የአይሮፕላኗ ጆሮዎች ናቸው። ጆሮዎቹ የት እንዳሉ ሲያይ ጋሽ ገመዳ ከንፈሩን መጠጠ። ኢንጂነሩ ጭልፊት ፀሐይ ላይ እንድታብለጨልጭ ብለው ሆዷን ከውጭ በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልለዋታል፤ ሁለቱን ሽቦዎችም ከወረቀቱ ሥር በማጣበቂያ አስተኝተዋቸዋል።

«ኢንጂነር፣ ይቺ ወረቀት ለምንድን ናት?»

«ለውበት ነዋ።»

«ቆንጆ ሆናለች። ግን ብረት ነገር ናት፤ ጆሮዋን በሻሽ ጠምጥመውባት ነው የሚጠሯት።»

ኢንጂነሩ መጀመሪያ ተከራከሩ፤ ኋላ መምህርት አስናቀችም ገመዳ ልክ ነው ስትል፣ «ይሄንንማ አውቄዋለሁ፣ ልታዩት ትችሉ እንደሆን ብዬ ነው የተውኩት» አሉና ፈቀዱ። ጋሽ ገመዳ ወረቀቱን ልጦ፣ ሽቦዎቹን ከሞተሩና ከባትሪው አርቆ፣ አንዱን በቁም አንዱን በአግድም አድርጎ በጥንቃቄ ዘረጋቸው። አንድ የላላ ሽቦም አገኘና ቤቱ ወስዶ በየደው።

በማግስቱ እሱና መምህርት አስናቀች ብቻቸውን ሜዳው ላይ ፈተኗት። ሪሞቱ ላይ ጉልበቱን ሆን ብሎ የሚያዳክም ቁልፍ አለ፤ እሱን ተጭነህ እየራቅህ ትሄዳለህ፣ አይሮፕላኗ መሬት ላይ ሆና የት ድረስ እንደምትሰማ ታያለህ። መምህርት አስናቀች ጭልፊትን አቅፋ ተቀመጠች። ጋሽ ገመዳ ሪሞቱን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንቴናውን ወደ ሰማይ አቁሞ፣ እርምጃውን እየቆጠረ ሄደ። ሠላሳ እርምጃ፤ ትሰማለች። ስልሳ፤ ትሰማለች። ዘጠና ላይ ደርሶ ከሩቅ ጮኸ፦

«አሁንስ?»

«ትሰማለች! ጋሽ ገመዳ፣ ከተማሪዎቼ ትሻላለች!»

ጋሽ ገመዳ ያን ቀን እያፏጨ ነው ቤቱ የገባው።

በሁለተኛው እሑድ ኢንጂነሩ ከሰው ፊት ቆመው መቀበያው እንዴት እንደሚሠራ ለሩብ ሰዓት ያህል ካስረዱ በኋላ ጭልፊትን አስነሡ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ጋሽ ገመዳ ልቡ እየሞቀ ነበር። በአራተኛው ዙር ጭልፊት ወደ ማዶ ስትርቅ ያው መንቀጥቀጥ ጀመራት። ሞተሯ ጸጥ አለ። ተንሸራታ ሄዳ፣ ሄዳ፣ ከዳለቻ አፍንጫ ስር ሣሩ ላይ ዘጭ አለች።

ዳለቻ ከነከበደ ሆዷ አጥሩን ጥሳ ወጣች። እሷን ለመመለስ ግማሽ ቀን ፈጀ። አቶ ጉታ ላባቸውን እየጠረጉ ሲመለሱ አልጮኹም፤ አለመጮኻቸው ደግሞ ባሰ።

«እኔ አይሮፕላን አላውቅም» አሉ። «ላም ነው የማውቀው። በሚቀጥለው እሑድ አንድ ጊዜ እዩ። ላሜን ድጋሚ ካስደነገጣችሁብኝ ሜዳው ዝግ ነው። ሌላ ቦታ ፈልጉ።»

ሌላ ቦታ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ዙሪያው ወይ ቤት ነው፣ ወይ ዛፍ ነው፣ ወይ ገደል ነው።

ዐሥር ሰው ወደ ኢንጂነሩ ዞረ። ኢንጂነሩም ወደ ጋሽ ገመዳ ዞሩ።

«ድሮም የፈራሁት ይሄንን ነው» አሉ። «መቀበያውን የነካው ማነው? ገመዳ ነው። ሽቦ የበየደው ማነው? ገመዳ ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?»

«ኢንጂነር፣ ሳልነካትም ወድቃ ነበር እኮ» አለ ጋሽ ገመዳ።

«ያኔ ገለባ ላይ ነው የወደቀችው። አንተ ከነካሃት በኋላ ግን ላም ላይ!»

መልስ አላጣም ነበር። ግን በልቡ አንድ ነገር ከበደው፤ ለምን እንደወደቀች እሱም አላወቀም። የማያውቀውን ነገር አውቃለሁ ብሎ አያውቅም። እና ዝም አለ። ዝም ማለቱ ደግሞ ጥፋቱን እንደ ማመን ተቆጠረበት።

አሰላ ትልቅ ከተማ ናት፤ ለወሬ ግን እንደ አንድ ግቢ ናት። ሰኞ ጠዋት አንዲት ደንበኛው ቴሌቪዥኗን በባጃጅ ጭና መጥታ፣ በሩ ላይ ደርሳ፣ ትንሽ አመነታችና «ሌላ ጊዜ ይሻለኛል» ብላ ተመለሰች። ማክሰኞ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ቀልዶ «ገመዳ፣ የእኔን ሰዓት እንዳትነካት፣ ቀኗን ጠብቃ ትወድቃለች» አለው። ጋሽ ገመዳ አብሮ ሳቀ። ልብስ ሰፊው ሲሄድ ግን መበየጃውን አስቀምጦ መዳፎቹን ለረጅም ጊዜ አያቸው። እነዚህ እጆች ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ነክተዋል። «ገመዳ የነካው ይወድቃል» ከተባለ፣ ይቺ ጠባብ ክፍል ምን ትሠራለታለች?

ረቡዕ ቀትር ላይ አንድ ሽማግሌ ከሳጉሬ በኩል ትንሽ ሬዲዮ ይዘው መጡ። «ሽሽሽ ይላል እንጂ አይናገርም» አሉ። ጋሽ ገመዳ ከፍቶ አየው፤ ምንም የለበትም። አንቴናውን ስቦ አወጣና ከፈተው፤ ጥርት ብሎ አወራ።

«እንዴ!» አሉ ሽማግሌው። «እቤት እንዲህ አይልም።»

«አባቴ፣ እቤት እንዴት አድርገው ነው የሚይዙት?»

ሽማግሌው ሬዲዮውን ተቀብለው፣ አንቴናውን ማሠራጫው ወዳለበት ኮረብታ ልክ እንደ ጠመንጃ አነጣጠሩት። ድምፁ ወዲያው ሽሽሽ ሆነ። «ድምፁ ከዚያ አይደል የሚመጣው? እኔም ወደዚያ አቀናለታለሁ።»

«አያቅኑለት፤ ያጋድሙት» አለ ጋሽ ገመዳ፤ ይህን ለስንት ሰው እንደነገረ ቁጥሩን አያውቀውም። «አንቴና የሚሰማውም የሚናገረውም በጎኑ ነው። በጫፉ በኩል ደንቆሮም ዲዳም ነው...»

ቃሉን ሳይጨርስ ቆመ። ዓይኑ ላይ የኢንጂነሩ እጆች መጡበት። ሪሞታቸው አናት ላይ ጣት የምታህል፣ አንገቷ የሚታጠፍ ጥቁር አንቴና አለች። እሱ ሲፈትን ወደ ሰማይ አቁሟት ነበር። ኢንጂነሩ ግን ጭልፊት በራቀች ቁጥር፣ በተጨነቁ ቁጥር፣ አንቴናዋን ቀጥ አድርገው ሪሞቱን ወደ አይሮፕላኗ ይገፋሉ። የበለጠ እንድትሰማቸው በፈለጉ ቁጥር ደንቆሮውን ጫፍ ይሰጧታል!

«ሠላሳ ዓመት የማውቀውን!» አለና ግንባሩን መታ።

«ምን ሆንክ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው።

«እኔን ነው የጠገኑኝ አባቴ፤ ሬዲዮዎ ደህና ነው።»

ሐሙስ ዕለት ኢንጂነሩ ቤት ድረስ ሄደ። በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው የጭልፊትን ጅራት ያስተካክላሉ። ጋሽ ገመዳ ያገኘውን በእርጋታ ነገራቸው። እስከ መጨረሻው ግን አላስጨረሱትም።

«ገመዳ፣ ይሄ ዲጂታል ነው። ያንተ ሬዲዮ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።»

«ሞገድ ያው ሞገድ ነው ብዬ ነው ኢንጂነር።»

«ባሕር ላይም ሞገድ አለ፤ መርከብ ትጠግናለህ?»

ጋሽ ገመዳ ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ ጥሩ መልስ ጥሩ መልስ ነው። ኢንጂነሩም በመልሳቸው በጣም ደስ ብሏቸው ሻይ አስቀረቡለት። ስለ አንቴናው ግን ሁለተኛ መስማት አልፈለጉም። «ችቦ የምታበራው ወዴት ነው? ማየት ወደምትፈልገው ነው። አለቀ» አሉ። ሻዩን ጠጥቶ ወጣ።

ሦስተኛው እሑድ ደረሰ። የዚያን ዕለት ሜዳው ላይ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ሰው ወጣ፤ ግማሹ አይሮፕላን ለማየት፣ ግማሹ ጠብ ለማየት። አቶ ጉታ በአጥሩ ፊት ለፊት ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከኋላቸው ዳለቻ ተኝታ ታመሰኳለች።

ኢንጂነሩ ንግግር ሳያደርጉ ቀጥታ ጀመሩ። ያኔ ነው ጋሽ ገመዳ ሰውየው የምር እንደፈሩ የገባው። ዘጠኝ ወር የደከሙባት አይሮፕላን ናት፤ ሜዳው ቢዘጋ ከሁሉ በላይ የሚያዝኑት እሳቸው ናቸው። ስድቡን ሁሉ ረሳና ሄዶ አጠገባቸው፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ቆመ።

«ምን ፈለግህ?» አሉት ዓይናቸውን ከአይሮፕላኗ ሳይነቅሉ።

«ምንም። አብሬዎት ላያት ነው።»

ጭልፊት ተነሣች። በቅርብ እያለች እንደ ልብ ትታዘዛለች። ኢንጂነሩ ቀስ በቀስ ድፍረት አገኙ፤ ሰፋ ያለ ዙር ሰጧት። ከዚያ ከጭላሎ ተራራ በኩል ነፋስ ተነሣና ወደ ማዶ ገፋት። ራቀች። ኢንጂነሩ ደነገጡ፤ ሪሞቱን በሁለት እጃቸው ወደፊት ዘርግተው፣ አንቴናዋን ልክ በአይሮፕላኗ ላይ ቀሰሩ።

መንቀጥቀጧ ጀመረ። ሞተሯ ጸጥ አለ። አፍንጫዋን ደፍታ ቀጥታ ወደ አጥሩ፣ ወደ ዳለቻ መጣች።

«ተነሺ! ተነሺ! ተነሺ እንጂ!» ኢንጂነሩ መዘወሪያውን እስከ ጥግ ስበውታል። ሪሞቱን የበለጠ ወደፊት ገፉት። ጭልፊት ጭራሽ አልሰማችም። አቶ ጉታ ዱላቸውን አነሡ። መምህርት አስናቀች ዓይኗን ሸፈነች።

ጋሽ ገመዳ እጁን ሰደደና ያቺን ጥቁር አንቴና በሌባ ጣቱ ገፍቶ፣ አንገቷ ላይ አጥፎ፣ ወደ ጎን አጋደማት።

ሞተሩ ተነሣ። ኢንጂነሩ መዘወሪያውን ስበው እንደያዙት ስለነበሩ፣ ትእዛዙ በደረሳት ቅጽበት ጭልፊት አፍንጫዋን ቀና አደረገች፤ ከዳለቻ ቀንድ በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ላይ ዞረች፣ ወጣች፣ ሰማይ ገባች። ዳለቻ አንገቷን እንኳ ቀና አላደረገችም፤ ማመስኳቷን ቀጠለች።

ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። የሪሞቱ አንቴና እንደተጋደመ ጭልፊት ሰባት ዙር በረረች፤ አንዴም አልተንቀጠቀጠች። በመጨረሻ እንደ ርግብ ቀስ ብላ ሣሩ ላይ አረፈች። አቶ ጉታ ዱላቸውን አወረዱ።

«ኔትወርኩ መጣ ማለት ነው?» አሉ።

ኢንጂነሩ ግን ተንፍሰው እንዳበቁ ንዴታቸው መጣ። ሠላሳ ዓመት ተራራ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ እጃቸው ላይ ያለውን ነገር በአንድ ጣቱ አስተካክሎባቸዋል።

«ማነው ንካ ያለህ?» አሉ።

«ላሚቱ ናት» አለ ጋሽ ገመዳ።

ሕዝቡ ሳቀ። የባሰ ተቆጡ። ሪሞቱን ለመምህርት አስናቀች ሰጡና ጣታቸውን ቀጥ አድርገው ከጋሽ ገመዳ አፍንጫ አጠገብ አደረሱት። እየተናገሩ ጣቲቱ ወደፊት ትሄዳለች፤ ጋሽ ገመዳ ደግሞ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል።

«እሺ! ሁሉን ዐዋቂ ከሆንክ አሁን እዚሁ በሰው ፊት መልስልኝ! የሠራኋት እኔ፣ ባለቤቷ እኔ፣ የማዛት እኔ! ፊት ለፊት ቆሜ፣ ቀጥ አድርጌ፣ በሙሉ ኃይሌ እየተናገርኳት፣ ለምንድን ነው የማትሰማኝ? ለምን?»

ጋሽ ገመዳ አፍንጫው ላይ የተደቀነችውን ጣት አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ኢንጂነሩን በለሆሳስ እንዲህ አላቸው፦

«ኢንጂነር፣ እሷም እንደ እኛው ናት፤ ሲቀስሩባት አትሰማም፣ ከጎን ሲሆኑላት ትሰማለች።»

መጀመሪያ የሳቀችው መምህርት አስናቀች ናት፤ ቀጥለው አቶ ጉታ ዱላቸውን ጥለው ሳቁ፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ። ኢንጂነር ደጀኔ የተዘረጋችውን ጣታቸውን የሌላ ሰው ጣት እንደሆነች ሁሉ አተኩረው አዩዋት፤ ቀስ ብለው አጠፏት፤ ከዚያም ዞረው መጥተው ከጋሽ ገመዳ ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ ቆሙና፣ «እሺ» አሉ፣ «አሁን ንገረኝ፤ እየሰማሁ ነው።»